ተጨማሪው ሰዓት ለምንድን ነው? የኮሌጅ ተማሪዎችና የአካል ጉዳት ድጋፍ

ኮሌጅ እያለሁ ለአንድ ዓይነ ስውር የዶርም ጓደኛዬ ፈተና አነብለት ነበር። እሱ ሶሺዮሎጂ ነው የሚማረው፤ እኔ ሌላ ዲፓርትመንት ነኝ። ጥያቄውን አነብለታለሁ፣ መልሱን ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ፋይናል ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ መጣ። ስድስት ዓምድ፣ አሥር ረድፍ፣ ሁሉም በቁጥር የተሞላ። ማየት የሚችል ተማሪ እንዲህ ዓይነቱን ሰንጠረዥ በአንድ ጊዜ ቃኘት አድርጎ የሚፈልጋትን ቁጥር ብቻ ነቅሶ ያወጣል። እኔ ግን ስድሳውንም ቁጥር አንድ በአንድ ማንበብ ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ በጭንቅላቱ መያዝ፣ ከዚያ «እስቲ ሦስተኛውን ረድፍ ድገምልኝ» ማለት፣ ከዚያ «አይ፣ አራተኛውን»። ሰዓቱ ሲያልቅ ያልነካናቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ወደ ዶርም ስንመለስ መንገድ ላይ መልሳቸውን ዘርዝሮ ነገረኝ።

ያ ፈተና የለካው ምንድን ነው? የእሱን የሶሺዮሎጂ ዕውቀት አይደለም። የእኔን የንባብ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቃል «ትብብር» ነው። «እንተባበራቸው»፣ «ይታዘንላቸው»፣ «ትንሽ ይቅለላቸው»። ቀና ልብ ያለው ሰው የሚናገረው ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን ነገሩን ከሥሩ ያበላሸዋል። ችሮታ ከሆነ በሰጪው ስሜት ላይ ይንጠለጠላል፤ መምህሩ ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይነሳል፣ ተማሪውም በየሴሚስተሩ አንገቱን ደፍቶ ይለምናል። ድጋፍ ማለት ግን ኮርሱ ወይም ፈተናው ሊለካው ያልፈለገውን ነገር ከተማሪው መንገድ ላይ ማንሳት ነው። የታሪክ ፈተና የእጅ ጽሕፈት ፍጥነት አይለካም። የሒሳብ ኮርስ ደረጃ መውጣት አይለካም፤ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለው ግን ዊልቸር ለሚጠቀም ተማሪ የመጀመሪያው ፈተና ደረጃው ነው።

ስለዚህ ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፦ እዚህ ጋ የሚለካው ምንድን ነው? የሚቀጥለው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሷ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በሕግ ቋንቋ ነገሩ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጸደቀው በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በግንቦት 2008። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው የሚናገረው። አምስተኛው ንዑስ አንቀጽ ከፍተኛ ትምህርትን፣ የሙያ ሥልጠናንና የጎልማሶች ትምህርትን በስም ይጠራል፤ አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ እንዲማሩና ለዚህም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮችን ያስገድዳል። የቃሉ ትርጉም ያለው አንቀጽ 2 ላይ ነው። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ አንድ ሰው በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ከሌሎች እኩል መብቱን እንዲጠቀም የሚደረግለት አስፈላጊና ተገቢ የሆነ ማስተካከያ ማለት ነው፤ ይህም በሚያደርገው አካል ላይ ያልተመጣጠነ ጫና እስካልፈጠረ ድረስ። ያው አንቀጽ አንድ ነገር ጨምሮ ይላል፦ ይህን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። ዝም ብሎ «አይቻልም» ማለት አለመተባበር ብቻ ሳይሆን ስም ያለው ጥፋት ነው።

ማመቻቸት ከተደራሽነት ጋር ሲደባለቅ አያለሁ፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ተደራሽነት ማንም ሳይጠይቅ፣ ለማንም ታስቦ፣ አስቀድሞ የሚሠራ ነው። ለሕንፃ መወጣጫ መሥራት ተደራሽነት ነው። ማመቻቸት ግን ለአንድ ሰው፣ ለዚያ ሰው ፍላጎት ተብሎ ይለካል። ተደራሽነቱ በደንብ ሲሠራ ማመቻቸቱ ይቀንሳል። መወጣጫ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየቦታው ለይስሙላ የተሠራ ቀጥ ያለ መወጣጫ አይቼ ስለተቃጠልኩ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልኬት 1 ለ 12 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለሦስት ደረጃ 5 ሜትር ከ40። ከዚያ ያጠረ ከሆነ ዊልቸር የያዘ ሰው ብቻውን ለመውጣት ይቸገራል፤ ሲወርድም ሊገለበጥ ይችላል።

በኮሌጅ ታሪክ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰው ብቻ ጥቀስ ብባል ኤድ ሮበርትስን እጠቅሳለሁ። አሜሪካዊ ነው። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘውና ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ለመተንፈስ ሌሊቱን «የብረት ሳንባ» በሚባል ግዙፍ መሣሪያ ውስጥ ነበር የሚያድረው። ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ሲል ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ አልሰጥም አለው። ምክንያቱ? ስፖርትና የመኪና መንዳት ትምህርት አልወሰደም። እናቱ ዞና ተሟግተው ዲፕሎማው እንዲሰጠው አስወሰኑ። የእኛን ጥያቄ እዚህ ጋ አምጧት፦ ያ ዲፕሎማ የሚለካው ምንድን ነበር? በ1962 በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የብረት ሳንባው ዶርም አልገባ ስላለ ግቢው ውስጥ ባለው ሆስፒታል አንድ ክፍል ተሰጠው። ኋላ ሌሎችም እሱን ተከትለው መጡ፤ በ1970 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በራሳቸው በአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚመራ የድጋፍ ፕሮግራም አቋቋሙ። ወጣት ሳለ «ጉዳትህ ከባድ ስለሆነ ሥራ መሥራት አትችልም» ብሎ ድጋፍ ሊነፍገው የነበረውን የካሊፎርኒያ የሙያ ተሃድሶ መሥሪያ ቤት (አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃ ነው) ኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ መራው። ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ኮሌጅ ሲገባ የሚለወጠው ነገር

ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ወላጅ አለ፣ የክፍል ኃላፊ አለ፣ ችግሩን አይቶ የሚናገር ሰው አለ። ኮሌጅ ስትገቡ ያ ሁሉ በአንድ ክረምት ይቀራል። አሜሪካን ብንወስድ ልዩነቱ በሕግ የተጻፈ ነው፤ በታችኛው ትምህርት ቤት ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ፈልጎ የማግኘት ግዴታው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ኮሌጅ ላይ ግን «እኔ ይህ አለብኝ፣ ይህ ያስፈልገኛል» ብሎ መምጣት ያለበት ተማሪው ራሱ ነው። ካልመጣ ማንም አይፈልገውም። ብሪታኒያ ውስጥ ደግሞ በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ተማሪው ሳይመጣ አስቀድመው እንዲዘጋጁ ያስገድዳል። እዚያም ቢሆን ግን ለእናንተ የሚሆነውን ማስተካከያ ለማግኘት መናገር አለባችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቶሎ ተናገሩ የሚል ነው። ሚድ ከወደቃችሁ በኋላ አይደለም። ትምህርት ሳይጀመር፣ ቢቻል ምዝገባ ላይ። ለምን? ምክንያቱም ድጋፉ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ መጽሐፍ በጣት ወደሚነበበው ወደ ብሬል ለመቀየር ሳምንታት ይፈጃል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር ጊዜ ይወስዳል። የክፍል ምደባን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ማውረድ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ቀላል ነው፤ ከተጀመረ በኋላ አሥር ሰው መለመን ነው። ደግሞ አንድ መራራ ነገር አለ። ሳትጠይቁ የተፈተናችሁት ፈተና አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ድጋፉ የሚሠራው ከጠየቃችሁበት ቀን ጀምሮ ወደ ፊት ነው።

«እኔ እኮ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም» የሚል ሰው ደግሞ አለ። ዓይነ ስውር አይደለም፣ ዊልቸር አይጠቀምም፣ ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሌላ ሰው ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት። ክፍላችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከስድስት አንዱ ዊልቸር ላይ አይደለም። ብዙ ጉዳት በዓይን አይታይም። ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ለማገናኘት ይታገላል እንጂ ሰነፍ አይደለም፤ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባል። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን መሰብሰብ የሚያስቸግር ሁኔታ፣ ያለበት ተማሪ ሁለት መቶ ሰው የሚፈተንበት አዳራሽ ውስጥ የእያንዳንዱ ወንበር መንቋቋት ይሰማዋል። የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ጠዋት ላይ ቢጥላት ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ቢገለጥም ጭንቅላቷ ገና አልተመለሰም፣ ቀኑን ሙሉ ሊደክማት ይችላል፣ በዚያ ሁኔታ መፈተን የለባትም። ስኳር ያለበት ተማሪ ፈተና ክፍል የሚበላና የስኳር መለኪያውን ይዞ መግባት ያስፈልገዋል። ከባድ ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ከአልጋው መነሳቱ ራሱ የቀኑ ትልቁ ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሁሉ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። በብዙ ቦታ ቀኝ እጁ የተሰበረ ተማሪ እንኳ እስኪድን ድረስ ጸሐፊ ይመደብለታል።

ድጋፉ ምን ይመስላል

በጣም የታወቀው ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ነው። በአንዳንድ ቦታ ሩብ ይጨመራል፣ በሌላው ግማሽ፣ አንዳንዴም እጥፍ። ግማሽ ከሆነ የሦስት ሰዓቱ ፈተና አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። «ታዲያ እኛስ?» የሚል ተማሪ ሁሌም አለ፤ ቅሬታው ይገባኛል፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ስጦታ ይመስላል። ግን የጓደኛዬን ሰንጠረዥ አስቡ። ስድሳውን ቁጥር መስማት ብቻ የበላው ደቂቃ ነው የሚመለስለት። የማያውቀውን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያፈጥበት አያውቀውም። እርግጥ ፍጥነት ራሱ የሚለካባቸው ነገሮች አሉ። በአንዴ እየሰማ ለሚተረጉም ሰው ወይም ልብ የቆመበትን ሕመምተኛ ለሚረዳ ነርስ ደቂቃው የሙያው አካል ነው። እዚያ ላይ ሰዓት መጨመር ላይገባ ይችላል። ስለ ማኅበረሰብ አወቃቀር ድርሰት ስንጽፍ ግን ማን ቀድሞ ጨረሰ የሚለው ለማን ይጠቅማል?

ከሰዓቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የንባብ ጽሑፉ ነው። ዛሬ ዓይነ ስውር ተማሪ በብሬል ብቻ አይደለም የሚያነበው። ኮምፒውተርና ስልክ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብለው ያነቡለታል። ለዊንዶውስ ኤንቪዲኤ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የተጀመረው በ2006 ሲሆን የጻፉት ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር አብሮ ተጭኖ ይመጣል። እንግዲህ መሣሪያው አለ። የሚያሰናክለው ፋይሉ ነው። መምህሩ መጽሐፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወይም ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ ይልካል። ለእኛ ጽሑፍ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ፎቶ ነው፣ ፎቶን ደግሞ እንደ ጽሑፍ አያነበውም። ፋይላችሁን ለመፈተሽ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። አንድ መስመር በማውዝ ለመምረጥ ሞክሩ። ቃላቱ ከተመረጡ ጥሩ ነው። ካልተመረጡ ለዚያ ተማሪ ባዶ ገጽ ነው የላካችሁለት።

በአማርኛ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው መልኩን ብቻ ነበር ወደ አማርኛ የሚቀይሩት። በእነሱ የተጻፈ ሃንድአውት ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለስክሪን አንባቢ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ፋይል ያላችሁ መምህራን፣ እባካችሁ አንዴ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ይጠቀምበታል።

የቅጂ መብትስ? የማራካሽ ስምምነት የሚባል አለ። በ2013 ተፈርሞ በ2016 ሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱን ባጸደቁ አገሮች፣ የታተመ መጽሐፍን ለዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሚሆን መልክ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት እንዲቻል ያደርጋል። ዲስሌክሲያ ያለበትንም ያካትታል። ቤተ መጻሕፍቱ «ሕግ ይከለክለናል» ካላችሁ ይህን ስምምነት በስሙ ጥሩላቸው።

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይበዛል። ብዙ ሰው «ከንፈር ያነባሉ» ብሎ ያልፋል። መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በራ» በሉ፣ ከዚያ «መራ» በሉ። ከንፈራችሁ ላይ ልዩነት አያችሁ? የለም። ከንፈር ላይ የማይለይ ድምፅ ብዙ ነው፤ የተረፈውን ሰውየው በግምት ነው የሚሞላው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መገመት ደግሞ ያደክማል። ስለዚህ የምልክት ቋንቋ የሚጠቀም ተማሪ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ሌክቸሩ ረጅም ከሆነ ሁለት አስተርጓሚዎች በየሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃው እየተቀያየሩ ነው መሥራት ያለባቸው፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ሲሆን አእምሮ ይዝላል፣ ትርጉሙም ይንሸራተታል። አስተርጓሚው ስላይዱን አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ የባዮኬሚስትሪ ቃል ድንገት ሲወረወር ምልክት ላይኖረው ይችላልና። ሌላም አለ። ያ ተማሪ ዓይኑ አስተርጓሚው ላይ ነው። ኖት ለመያዝ ወደ ደብተሩ ካጎነበሰ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አመለጠው። እኛ እየሰማን እንጽፋለን፣ እሱ እያየ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ አስተርጓሚ ላይ ኖት የሚይዝለት ሰው ሲጨመርለት «ሁለት ድጋፍ ወሰደ» አይባልም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በአስተርጓሚ ስታወሩ ደግሞ ዓይናችሁ ተማሪው ላይ ይሁን። «እንዲህ በለው» አይባልም።

እንቅስቃሴ ላይ ችግር ላለባቸው ብዙው ነገር ቦታ ነው፦ የክፍል ምደባ፣ ዶርም ምድር ላይ፣ ሽንት ቤቱ በር ስፋት፣ ላብራቶሪው ጠረጴዛ ከፍታ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ። ተከታታይ ሁለት ክፍል ግቢው ሁለት ጫፍ ላይ ሲመደብ አሥር ደቂቃ አይበቃም። ይህ በምዝገባ ላይ አንድ ሰው ቢያስበው የሚፈታ ነገር ነው።

እንዴት ይጠየቃል

አብዛኛው ኮሌጅ ለዚህ የተመደበ ክፍል ወይም ቢያንስ አንድ ሰው አለው። ስሙ ይለያያል፤ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ሊባል ይችላል፣ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል ሊባል ይችላል፣ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። የሐኪም ወይም የባለሙያ ማስረጃ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። «እንዲህ ያለ በሽታ አለበት» ብቻ የሚል ወረቀት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ጉዳቱ ትምህርት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ወረቀት ነው፦ ምን ያህል ደቂቃ ተቀምጦ መጻፍ ይችላል፣ ከስንት ሜትር ማየት ይችላል፣ መድኃኒቱ ጠዋት ያንቀላፋዋል ወይ። ሐኪሙን እንዲህ ብሎ እንዲጽፍ ራሳችሁ ጠይቁት፤ ካልነገራችሁት አያውቅም።

ምስጢራችሁስ? የሕመማችሁን ስም ማወቅ የሚያስፈልገው የድጋፍ ክፍሉ ነው እንጂ እያንዳንዱ መምህር አይደለም። በብዙ ቦታ ክፍሉ ለመምህራን የሚጽፈው ደብዳቤ ላይ የሚያስፈልገው ድጋፍ ብቻ ነው የሚሰፍረው። ለመምህሩ ስትጽፉም እንደዚያው አድርጉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ በዚህ ሴሚስተር የእርስዎን ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከመቀመጫዬ ማንበብ ስለማልችል፣ ስላይዶቹን ከክፍለ ጊዜው አንድ ቀን በፊት በፋይል ቢልኩልኝ፣ ፈተናውም በ18 ፎንት ታትሞ ከግማሽ ተጨማሪ ሰዓት ጋር ቢሰጠኝ በትክክል መሥራት እችላለሁ። የድጋፍ ክፍሉን ደብዳቤ አያይዤያለሁ። አፈጻጸሙን ለመነጋገር መቼ ቢመችዎ ልምጣ?»

አያችሁ፣ የሕመም ስም የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ምን እንደሚከለክላችሁና ምን ቢደረግ እንደሚፈታ ብቻ ነው የሚናገረው። «ድጋፍ ያስፈልገኛል» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ መምህሩ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ «አይዞህ፣ እንረዳዳለን» ብሎ ይመልስና ነገሩ እዚያው ይቀራል። በቃል ብትነጋገሩም በኋላ ሁለት መስመር ጻፉለት፤ «ዛሬ እንደተነጋገርነው...» ብላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ የምታስታውሱት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሁሉም ነገር ይፈቀዳል ማለት ግን አይደለም። ኮሌጁ የኮርሱን እምብርት የመለወጥ ግዴታ የለበትም። በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት የመስማት ችግር ያለባት ሴት ነርሲንግ ለመማር ያቀረበችውን ጉዳይ አይቶ፣ ኮሌጁ የክሊኒክ ሥልጠናውን ከሥሩ እንዲለውጥ አይገደድም ብሎ ወስኗል። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ያኔ «አይቻልም» የተባለውን ብዙውን ነገር ቴክኖሎጂው ፈትቶታል፤ ስክሪን ላይ የልብ ምትን የሚያሳይ ስቴቶስኮፕ (የልብ ማዳመጫ) አለ። ሆኖም ከውሳኔው የሚወሰደው መስፈርት ይሠራል። መስፈርቱን መቀየር ሌላ ነው፣ መስፈርቱ ጋ የሚደረስበትን መንገድ መቀየር ሌላ። የማለፊያ ነጥብ አይቀነስላችሁም። ፈተናው ላይ ያለ ጥያቄ አይሰረዝላችሁም። በብዙ ቦታ ደግሞ ኮሌጁ የግል መገልገያ፣ ማለትም ዊልቸር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የግል ተንከባካቢ፣ አይገዛም፣ አይቀጥርም።

«አይሆንም» ከተባላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኮርሱን ይለውጣል ነው ወይስ አቅም የለንም? እነዚህ ሁለቱ የተለያየ መልስ አላቸው። አቅም ከሆነ ቀለል ያለ አማራጭ እናንተው አቅርቡ፤ አስተርጓሚ ለሁሉም ክፍለ ጊዜ ካልተገኘ ቢያንስ ለዋናዎቹ፣ ለቀሪው ደግሞ የጽሑፍ ኖትና የተቀረጸ ቪዲዮ ከጽሑፍ መግለጫ ጋር። ኮርሱን ይለውጣል ካሉ፣ የኮርሱን ዓላማ የሚዘረዝረውን ወረቀት አውጡና የትኛው ዓላማ እንደሚነካ በጣታቸው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የትኛውንም አይነካም። ከዚያ ዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ከዚያ ዲን፣ ከዚያ የኮሌጁ ቅሬታ ሰሚ። ይህ አድካሚ ነው፤ አውቃለሁ። እየተማራችሁ መሟገት ሌላ አንድ ኮርስ እንደ መውሰድ ነው። ብቻችሁን አትያዙት፤ የተማሪዎች ማኅበር ካለ ግቡ፣ ከእናንተ በፊት ያንኑ ቢሮ ያንኳኳ ሰው እዚያ አይጠፋም።

ለመምህራን ትንሽ ልበል። የሚከብድ ነገር አይደለም። ሰሌዳ ላይ እየጻፋችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትናገሩ። «ይህን ከዚህ ጋ ስትደምሩት ይሄ ይመጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማያይ ተማሪ ውስጡ ባዶ ነው፤ «ኤክስን ከሦስት ጋር» በሉ። የንባብ ዝርዝሩን ሴሚስተሩ ሳይጀመር ስጡ። ተማሪውን ክፍል ፊት «አንተ ልዩ ድጋፍ የጠየቅከው» ብላችሁ አትጥሩት፤ እንዲህ የተጠራ ተማሪ ሁለተኛ አይጠይቅም። ለክፍል ጓደኞችም እንዲሁ። ዓይነ ስውር ሰው እጁን ይዛችሁ አትጎትቱት፣ ክርናችሁን ስጡት፣ እሱ ይይዛል። ዊልቸር ሳትጠይቁ አትግፉ።

የጓደኛዬን ነገር ሳልጨርስ። ከዚያ ፋይናል በኋላ ተናዶ ሁለት ቀን አላወራም። ከዚያ ተነስቶ ወደ ድጋፍ ክፍሉ ሄደ። «እርዱኝ» አይደለም ያላቸው። «ሰንጠረዥ ያለበት ፈተና ሲኖር ሰንጠረዡ በብሬል ይታተምልኝ፣ ሰዓቱ በግማሽ ይጨመር» አላቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ፈተናው ላይ እኔ ጥያቄውን አነብባለሁ፣ እሱ ሰንጠረዡን በጣቱ ሄድ መለስ እያለ ራሱ ያነባል። አንድ ቁጥር ለማግኘት የፈጀበት ጊዜ እኔ በዓይኔ ከምፈልገው ብዙም አይለይም ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲቀረን ጨረስን። ውጤቱ ሲወጣ ሁለት ጥያቄ ተሳስቷል። ሁለቱንም የተሳሳተው ስላላጠናቸው ነው።